የፊንጢጣ መሰንጠቅና በእጅ ያለው ቅባት፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት የሲኖትራክ ሹፌር ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን ከአዳማ መስመር አሸዋ አመላልሳለሁ። ከሁለት ወር በላይ ሆነኝ፣ ለመጸዳዳት በተቀመጥኩ ቁጥር ምላጭ እንደሚቆርጠኝ ያመኛል፤ ከተነሣሁ በኋላም ሕመሙ አንድ ሁለት ሰዓት አይለቀኝም። ወረቀቱ ላይ ቀይ ደም አያለሁ። የሰፈር ሰው ኪንታሮት ነው ስላለኝ ከመድኃኒት ቤት የኪንታሮት ቅባት ገዝቼ ከአንድ ወር በላይ ተቀባሁ፤ ለግማሽ ሰዓት ያደነዝዘዋል እንጂ አላዳነኝም። ኋላ ላይ ውጭ አገር ያለች እህቴ ለዚህ በሽታ ጥሩ ነው ብላ ናይትሮግሊሰሪን የሚባል ቅባት ላከችልኝ፤ ትዩቡ ላይ 2 በመቶ ይላል። ሕመሙን ያስታግሰዋል፣ ግን ወዲያው ራሴን ይፈልጠኛል፣ ስነሣም ያዞረኛል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። መጠኑን ብጨምርና ወደ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ባደርግ ቶሎ ይሽረኛል? ሁለቱን ቅባቶች አንድ ላይ መጠቀምስ እችላለሁ? ባለቤቴም ከወለደች ወዲህ ተመሳሳይ ሕመም አለባት፤ ከእኔ ቅባት ብትካፈልስ?»

በእጅዎ ያለውን የ2 በመቶ ናይትሮግሊሰሪን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ይህ ጥንካሬ የተዘጋጀው የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች፣ የደረት ውጋትን ለመከላከል በቆዳ ላይ እንዲቀባ ነው። ለፊንጢጣ መሰንጠቅ የሚታዘዘው ናይትሮግሊሰሪን ከ0.2 እስከ 0.4 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱ ቁጥር ብቻ እንዳይመስልዎት፦ ለፊንጢጣ ተብሎ በፋብሪካ የሚመረተው የ0.4 በመቶ ቅባት በ2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ተለክቶ ሲወጣ 1.5 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል፤ የልብ ሕመሙ ቅባት ግን በዚያው ርዝመት 15 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። በዚያ ላይ የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ከደረት ቆዳ ይልቅ መድኃኒቱን በፍጥነት ወደ ደም ያስገባል። ስለዚህ ራስዎን የሚፈልጥዎትና ሲነሡ የሚያዞርዎት ቅባቱ በሽታውን እየታገለው ስለሆነ ሳይሆን የደም ሥሮችዎ ከሚገባው በላይ ሰፍተው የደም ግፊትዎ ስለሚወርድ ነው። ኢናላፕሪልም የሚሠራው ግፊትን በማውረድ ስለሆነ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። እህትዎ የመድኃኒቱን ስም አልሳቱም፤ የሳቱት ጥንካሬውን ነው። ይሁንና በፈጣኑ መንገድ ላይ አሸዋ ጭኖ ለሚነዳ ሰው ይህች ስሕተት በራሱም በሌላውም ሕይወት ላይ የምትመጣ ናት።

ከባዝሊን ጋር በቤት ውስጥ አቅጥኖ መጠቀምም መፍትሔ አይደለም። በማንኪያ የተማሰለ ቅባት አንዱ ጥግ ላይ ጠንካራ፣ ሌላው ጥግ ላይ ባዶ ሆኖ ስለሚቀር በየቀኑ የሚቀቡት መጠን ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ማቅጠን ካስፈለገ ሥራው በሐኪም ትእዛዝ፣ ሚዛንና ተገቢው መሣሪያ ያለው የመድኃኒት ባለሙያ ሥራ ነው።

በአገራችን ከወገብ በታች የሚያም፣ የሚደማ ወይም የሚያብጥ ነገር ሁሉ ኪንታሮት ይባላል፤ የእርስዎ ገለጻ ግን የኪንታሮት ገለጻ አይደለም። የውስጥ ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ ሳያምም ይደማል፤ የውጭ ኪንታሮት ደም ረግቶበት ሲያብጥ ይታመማል፣ ያኔም በጣት የሚዳሰስ እብጠት ይኖራል፣ ሕመሙም ከመጸዳዳት ጋር ብቻ የተያያዘ አይሆንም። ሰገራ ሲወጣ የሚቆርጥ፣ ከዚያም ለሰዓታት የሚያቃጥልና የሚጨመድድ ሕመም፣ ከእርሱም ጋር ጥቂት ቀይ ደም፣ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ዋነኛ ምልክት ነው። ይህ በፊንጢጣ መውጫ ቆዳ ላይ የሚፈጠር ቀጭን ቁስል ሲሆን ከ10 ታማሚዎች በ9ኙ ገደማ ከኋላ በኩል፣ በጭራ አጥንት አቅጣጫ መሐል ላይ ይገኛል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈው ሥር የሰደደ ይባላል፤ የእርስዎም ከሁለት ወር በላይ ስለሆነው እዚያ ደርሷል ብዬ ነው የምመልሰው።

ይህች ትንሽ ቁስል ለምን እንደማትሽር ካልተረዱ የቅባቱ ሥራ አይገባዎትም። የፊንጢጣን መውጫ የሚዘጉት ሁለት የጡንቻ ቀለበቶች ናቸው። የውጪውን በፈቃድዎ ያዝዙታል፤ የውስጠኛው ግን በራሱ የሚሠራ ነው። ደረቅ ሰገራ ቆዳውን ሲሰነጥቀው የውስጠኛው ጡንቻ ከሕመሙ የተነሣ ይጨመደዳል። ከተጨመደደ ደግሞ ቀድሞውንም ደም በስሱ የሚደርሰውን የኋላውን ክፍል የበለጠ ደም ያሳጣዋል፤ ደም ያልደረሰው ቁስል ደግሞ አይሽርም። ታማሚውም ሕመሙን ስለሚፈራ ሰገራውን ያቆየዋል፤ የቆየ ሰገራ ውኃው ተመጥጦ ይደርቃል፤ ሲወጣም ስንጥቁን እንደገና ይከፍተዋል። እንግዲህ ጠቃሚው ቅባት ቁስሉን በቀጥታ የሚያደርቅ ሳይሆን ይህን ጡንቻ የሚያላላ ነው። ናይትሮግሊሰሪን ናይትሪክ ኦክሳይድ በመልቀቅ፣ ዲልቲያዜም የተባለው ሌላ ቅባት ደግሞ ካልሲየም ወደ ጡንቻው ሕዋስ እንዳይገባ በመከልከል ይህንኑ ያደርጋሉ።

የመጀመሪያው ቅባትዎ ከዚህ ወገን አይደለም። የኪንታሮት ቅባት ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የማደንዘዣና የስቴሮይድ ቅልቅል ናቸው። ማደንዘዣው ለግማሽ ሰዓት ያሳርፋል፤ እንዳዩትም ጡንቻውን አያላላውም። ስቴሮይዱ፣ ለምሳሌ ሃይድሮኮርቲዞን፣ እብጠትንና ማሳከክን ይቀንሳል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ከ7 ቀን በላይ ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የቁስልን መዳን ያዘገያል፣ ለፈንገስና ለሌላ ኢንፌክሽንም በር ይከፍታል። ከአንድ ወር በላይ መቀባትዎ ስንጥቁን አጽንቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት መልሱ ሁለቱም ይቁሙ የሚል ነው። እስከሚታከሙ ድረስ ማደንዘዣ ካስፈለገዎት ስቴሮይድ የሌለበት የ5 በመቶ የሊዶኬይን ቅባት በትንሹ፣ ከመጸዳዳትዎ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብለው መቀባት ይችላሉ፤ ማሳከክ ወይም ሽፍታ ካመጣብዎት ግን ለእርሱ አለርጂ ስለሚሆኑ ይተዉት።

ለእርስዎ የምመክረው የ2 በመቶ ዲልቲያዜም ቅባት ነው። ስንጥቁን በማዳን ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ራስ ምታቱ ግን በጣም ያነሰ ነው፤ የሚያስቸግረው ነገር ቢኖር አልፎ አልፎ በአካባቢው ማሳከክ ማምጣቱ ነው። መኪና ለሚነዳና የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ዲልቲያዜም የልብ ምትን የማዘግየት ጠባይ ስላለው ግን የልብ ምቱ ዝግ ያለ፣ ወይም እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉትን የልብ ምት የሚያዘገዩ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት። በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ ላያገኙት ይችላሉ፤ በማዘዣ የሚቀምም የት እንዳለ ያዘዘልዎትን ሐኪም ወይም የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ይጠይቁ። በሻንጣ ተይዞ የመጣ፣ ጥንካሬው በግልጽ ያልተጻፈበት ወይም ጽሑፉ የጠፋ ትዩብ ግን ማንም ቢሰጥዎት አይቀቡ። ዲልቲያዜም ካልተገኘ ሁለተኛው ምርጫ 0.2 ወይም 0.4 በመቶ ናይትሮግሊሰሪን ነው፤ እርሱንም ቢሆን ሐኪሙ የደም ግፊትዎን ለክቶ ሲፈቅድ ብቻ ይጀምሩ።

አቀባቡን በተመለከተ፣ መጠን መጨመርና ማጥለቅ የሚጎዳ እንጂ የሚያፋጥን አይደለም። ጡንቻው ያለው መውጫው ላይ ነው፤ ከጣትዎ የመጀመሪያ መገጣጠሚያ አልፎ የገባ ቅባት ጡንቻውን ዘልሎ አንጀት ውስጥ ይቀመጥና ወደ ደም ይገባል። ዲልቲያዜም ከሆነ የአተር ፍሬ የምታህል ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ በመውጫው ዙሪያና ልክ በአፉ ላይ ይቀባል። የናይትሮግሊሰሪኑ 0.4 በመቶ ከሆነ በማሸጊያው ላይ የተሣለችውን የ2.5 ሴንቲ ሜትር መስመር ተከትለው ይለኩ። ጣትዎን ምንጊዜም በጓንት ወይም በንጹሕ ስስ ላስቲክ ይሸፍኑ፤ ናይትሮግሊሰሪን በጣት ቆዳም ስለሚገባ የሚቀባው ሌላ ሰው ቢሆን እርሱንም ራሱን ያመዋል። ከዚያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማታ፣ ሊተኙ ሲሉ ተቀምጠው ወይም ጋደም ብለው ይቀቡ፤ ሲነሡም በዝግታ ይነሡ። ናይትሮግሊሰሪን ከሆነ ምን ያህል እንደሚያዞርዎት ሳያውቁ ጠዋት ተቀብተው መሪ አይጨብጡ። በትክክለኛው መጠንም ቢሆን ራስ ምታት ከታማሚዎቹ ግማሽ በሚያህሉት ላይ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቀንሳል፣ ፓራሲታሞልም ይበቃዋል። ቅባቱን መኪናው ውስጥ፣ ፀሐይ በሚመታው ዳሽቦርድ ላይ አያስቀምጡ፤ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉት፤ የናይትሮግሊሰሪኑ ትዩብ ከተከፈተ 8 ሳምንት ካለፈው ይጣል።

አንድ ነገር ወንዶች ለሐኪም መናገር ስለሚያፍሩ እዚህ በግልጽ እጽፈዋለሁ። ሲልደናፊል፣ ማለትም ሰዉ ቪያግራ የሚለው፣ ወይም ታዳላፊል የሚወስድ ሰው ናይትሮግሊሰሪንን በማንኛውም ጥንካሬና በማንኛውም የሰውነት ክፍል መጠቀም የለበትም። ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በድንገት ሊወድቅና ሰው ሊሞት ይችላል። እንክብሉ የተወሰደው ትናንት ቢሆንም አደጋው አለ፤ ታዳላፊል ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከሱቅም ሆነ ከጓደኛ የሚገኝ፣ ስሙ የማይታወቅ የወንድ ማነቃቂያ እንክብልም በውስጡ ይኸው ሊኖር ስለሚችል እንደዚያው ይቆጠር። ቢራ፣ ጠላና አረቄም ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ግፊትን የበለጠ ያወርዳሉ። ከፍተኛ የደም ማነስ ያለበት ወይም በቅርቡ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ሰው ደግሞ ይህን ቅባት ጭራሽ አይጀምር፤ ማይግሬን ያለበትም ሌላ አማራጭ ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ግን ሰገራዎ ካልለሰለሰ ከንቱ ነው። ብዙ ታማሚዎች ቅባቱን እየለዋወጡ ይከርማሉ፤ የሚቆርጣቸውን ነገር ግን እንደደረቀ ይተዉታል። የሹፌር ውሎ ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው፦ ማለዳ ሳይጸዳዱ መውጣት፣ መንገድ ላይ መጸዳጃ ስለማይገኝ ውኃ ሆን ብሎ አለመጠጣት፣ ሲመጣም ይዞ ማቆየት፣ ምሳ በዳቦና በሥጋ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫት። ጫት አንጀትን ያደርቃል፤ ካልተዉት በስተቀር የቅባቱ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። በቀን ከ25 እስከ 35 ግራም አሰር፣ ማለትም ፋይበር የሚባለውን የማይፈጭ የእህልና የአትክልት ክፍል፣ ከምግብ ማግኘት ያስፈልግዎታል። ጥሩ የጤፍ እንጀራ፣ በተለይ ቀዩ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ አጃ፣ ፓፓያ ይህን ይሞላሉ፤ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራና የፉርኖ ዱቄት ዳቦ ግን አሰራቸው አነስተኛ ነው። የተፈጨ ተልባ በጣም ይረዳል፣ ነገር ግን ብዙ ውኃ ካልተጠጣበት ራሱ ያደርቃል። አሰር በአንድ ቀን አይጨመር፤ ሆድ እንዳይነፋ በየጥቂት ቀኑ ከፍ ይደረግ። በርበሬና ሚጥሚጣ ስንጥቁን አይፈጥሩትም፤ ማቃጠሉን ግን ስለሚያብሱት ለጊዜው ይቀንሱ። የሚጾሙ ከሆነ ጾሙን መተው አይጠበቅብዎትም፤ እህል ውኃ ከሚቀምሱበት ሰዓት ጀምሮ እስኪተኙ ድረስ ውኃውን እየከፋፈሉ ይጠጡ እንጂ በአንድ ጊዜ አይገልብጡት።

ምግቡ እስኪሠራ ድረስ ላክቱሎስ የተባለው ሽሮፕ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ሰገራን ያለሰልሳል፤ ለሳምንታትም ሊወሰድ ይችላል። አንጀትን በኃይል የሚያስገድዱትን እንደ ቢሳኮዲል ያሉትን ለረጅም ጊዜ አይልመዱ፤ ኮሶ ጠጥቶ ሆድን ማጠብም ስንጥቁን በተቅማጥ ያቆስለዋል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ 500 ሚሊ ግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። ትራማዶልና ኮዴይን ሕመሙን ያደነዝዛሉ፣ አንጀትን ግን ያደርቃሉ፤ ስለዚህ ለዚህ በሽታ የማይሆኑ ናቸው። ስሜቱ በመጣ ጊዜ ይውጡ፤ ስልክ ይዘው አይቀመጡ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከፍ ባለ መቀመጫ የሚጠቀሙ ከሆነ እግርዎን በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ማሳረፍ ማማጡን ይቀንሰዋል።

ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መቀመጥም ጡንቻውን ለጊዜው በማላላት ሕመሙን ያቀልላል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለዚሁ ብቻ የተለየ ሰፊ ሳፋና ጥቂት ሊትር ውኃ ይበቃል። ከተጸዳዱ በኋላና ማታ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ውኃው ክንድዎን የማያቃጥል ይሁን። ጨው መጨመር አያስፈልግም። ዴቶል፣ አልኮልና ሽታ ያለው ሳሙና ቁስሉን ስለሚያቃጥሉት ጨርሶ አይጨመሩ። በሻካራ ወረቀት ከመጥረግ በውኃ መታጠብና በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማድረቅ ይሻላል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ስንጥቅ ላይ ማድረግም የቆዳ ቃጠሎ ያመጣል። በየኤሌክትሪክ ምሰሶው «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን» ብለው የሚለጥፉት የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ሥጋውን የሚያቃጥል ቅመም መቀባት ነው፤ ውጤቱ የመውጫው መጥበብ ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ሆኖ ወደ እኛ ሲመጣ የሚጠገነው በከፊል ብቻ ነው። ስንጥቅ ያለበት ሰው ወደዚያ ባይሄድ ይሻለዋል።

ባለቤትዎ ከእርስዎ ቅባት አይካፈሉ። ጡት የሚያጠቡ ከሆነ ናይትሮግሊሰሪን ለእርሳቸው የሚመከር አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ገና ትኩስ ስለሚሆን ሰገራ በማለስለስ፣ ለብ ባለ ውኃ በመቀመጥና በጥቂት ሊዶኬይን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይሽራል። ላክቱሎስ ለሚያጠቡ እናቶች ይሆናል። የብረት እንክብል የሚወስዱ ከሆነ አንዱ አድራቂ እርሱ ሊሆን ስለሚችል ለሚከታተላቸው ባለሙያ ይንገሩ፤ በራሳቸው ግን አያቋርጡት። በምጥ ጊዜ የተቀደደና የተሰፋ ቦታ ካለም ሕመሙ ከዚያ እንዳይሆን መታየት አለበት።

እስካሁን የጻፍኩት ስንጥቅ ነው በሚል ግምት ነው፤ ግምቱን የሚያጸናው ግን የሐኪም ዓይን ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለዎት ሪፈሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ምርመራው ማየት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በጣም የሚያም ከሆነ ሐኪሙ ጣት ማስገባቱን ለሌላ ቀን ያዘገየዋል። ስንጥቁ መሐል ላይ ሳይሆን በጎን በኩል ከሆነ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ወይም የማያም ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት ወይም ካንሰር እንዳይሆን ይመረመራል፤ እነዚህን ቅባት ይሸፍናቸዋል እንጂ አያድናቸውም። ትኩሳት፣ መግል፣ ቀንና ሌሊት የሚጠዘጥዝ እብጠት፣ ከሰገራው ጋር የተለወሰ ወይም የጠቆረ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ዲልቲያዜሙን ከጀመሩ ሕመሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ መቀነስ አለበት። ሕመሙ ሲቀንስ ማቆም ግን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ይቀቡ። በቅባት የሚድነው ሥር የሰደደ ስንጥቅ ግማሽ ያህሉ ነው፤ ከዳኑትም የሚመለስባቸው አሉ፣ በተለይ አሰሩንና ውኃውን የተዉት። 8 ሳምንት ሞልቶ ካልሻረ ሌላ ትዩብ አይግዙ፤ ወደ ቀዶ ሐኪም ይሂዱ። ጡንቻውን ለጥቂት ወራት የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ አንዱ አማራጭ ሲሆን በሁሉም ቦታ አይገኝም። ሌላው የውስጠኛውን ጡንቻ ጥቂት ክፍል በጎን በኩል መቁረጥ ነው፤ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፣ ከ100 ሰው ከ90 በላይ ያድናል። በጥቂቶች ላይ ግን አየርን፣ አልፎ አልፎም ሰገራን የመያዝ አቅም ይቀንሳል፤ ይህ ሥጋት በምጥ ለወለዱ ሴቶች ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ምን ያህል ጡንቻ እንደሚቆረጥና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቅዎት ቀዶ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ።